ውሎን በብዕርና በውሃ ቀለም

የሥዕል ማስታወሻ ደብተር ሰው ውሎውን በሥዕል፣ ወይም ሥዕልንና ጽሑፍን አዳብሎ የሚመዘግብበት ደብተር ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ በእርሳስ ብቻ ይሞላዋል፤ ሌላው የአውቶቡስ ትኬትና የደረቀ ቅጠል ይለጥፍበታል። ከሁሉም ይልቅ የተለመደው ግን መስመሩ በብዕር ተሠርቶ በላዩ የውሃ ቀለም የሚቀባበት ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ኪስ ይገባሉ፣ ሁለቱም ቶሎ ይደርቃሉ፤ ሥራው እንዳለቀ ደብተሩ ተከድኖ ወደ ቦርሳ ይመለሳል። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ እርሳስና ከሰል ደግሞ ገጽ ከገጽ ሲፋተግ እየደበዘዘ ይሄዳል።

“ቀለም” የሚለው የአማርኛ ቃል ለሁሉም ይበቃል። ጸሐፊ ብዕሩን የሚነክርበት፣ ሠዓሊ የሚቀባው፣ ግድግዳ የሚለቀለቀው ሁሉ ቀለም ነው፤ ተማሪ የሚቆጥረውም ቀለም ነው። እዚህ ግን ሁለቱን መለየት ግድ ስለሚል፣ መስመር የሚወጣበት “የብዕር ቀለም”፣ በብሩሽ የሚቀባው “የውሃ ቀለም” ተብሏል። ያም ሆኖ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ዘመዳሞች ናቸው። የአገራችን ቁም ጸሐፊ በመቃ ብዕር ብራና ላይ የሚጽፍበት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ጥላሸቱን አያይዞ ብራናው ላይ የሚያስቀረው ደግሞ ሙጫ ነው። ዛሬ በትንንሽ ሳጥን የሚሸጠው የውሃ ቀለምም እንዲሁ የተፈጨ ቀለምና የግራር ሙጫ ድብልቅ ነው።

እንዲህ ያለ ደብተር ምን ሊያተርፍ እንደሚችል ለማየት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኤዤን ደላክሯን የሞሮኮ ጉዞ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1832 መጀመሪያ የፈረንሳይ መንግሥት ኮንት ደ ሞርኔ የተባለ መልእክተኛ ወደ ሞሮኮው ሱልጣን ወደ ሙላይ አብዱራህማን ሲልክ፣ የ33 ዓመቱ ደላክሯ አብሮ ሄደ። በጃንዋሪ መጨረሻ ታንጂር ገቡ፤ በማርች በፈረስ ወደ መክነስ ተጓዙ፤ በጁላይ አገራቸው ተመለሱ። ደላክሯ በእነዚህ ጥቂት ወራት በርካታ ደብተሮች ሞላ። ከእነርሱ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚበዙት በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም፣ አንዱ በሻንቲዪ ከተማ በኮንዴ ሙዚየም ይገኛሉ።

የደብተሮቹ ገጾች ትንንሽ ናቸው፤ የተጣራ ሥዕልም አይታይባቸውም። እዚህ ጥግ ላይ የአንድ በር ቅስት፣ እዚያ ካባውን የተከናነበ ፈረሰኛ፣ ከታች አንዲት ስስ የውሃ ቀለም ያረፈባት ግድግዳ አለች፤ በመካከላቸው ባገኘው ክፍት ቦታ ሁሉ ሠዓሊው ያየውን በችኮላ ጽፏል። ለመቀባት ጊዜ ሲያጣ የቀለሙን ስም ብቻ ከንድፉ አጠገብ ይጽፋል። ሰዉ መሣልን በጥርጣሬ ያይ ስለነበር ብዙውን መንገድ ላይ በጥድፊያ፣ አንዳንዱን ደግሞ በራቸውን በከፈቱለት አይሁድ ቤተሰቦች ግቢ ሠርቷል። ታንጂር ላይ የታደመበትን የአይሁዶች ሠርግ በትልቅ ሸራ ሠርቶ ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳየው በ1841 ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 እስኪሞት ድረስም ከሞሮኮ ያመጣውን እየቀዳ ሥሏል። እነዚያ ገጾች የጠቀሙት ውብ ስለሆኑ አይደለም። የጥላው ቀለም፣ የቀበቶው አስተሳሰር፣ የበሩ ቁመት የመሳሰለው፣ ሰው “አልረሳውም” ብሎ በሳምንቱ የሚረሳው ጥቃቅን ነገር ተይዞባቸው ስለነበረ ነው።

ከሞሮኮ በፊት በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ተከትሎት ነበር። ባሉጋኒ በመንገዱ ያገኘውን ዕፅዋት በውሃ ቀለም አንድ በአንድ መዘገበ፤ ኮሶ ከነአበባው ከእነዚህ አንዱ ነው። አገሩን ግን ዳግም አላየም፤ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የሠዓሊውን ድርሻ አሳንሶ አለፈው፤ ሥዕሎቹ ግን ከስም የበለጠ ዕድሜ አገኙ፤ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም የለንደን ጋዜጣ ሠዓሊ የነበረው ዊልያም ሲምፕሰን የ1868ቱን የመቅደላ ዘመቻ ተከትሎ የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮች በውሃ ቀለም አስቀርቷል። እርግጥ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለተቀጠሩበት ጉዳይ እንጂ ለግል ማስታወሻ አልነበረም፤ ዘዴው ግን ያው ነው፦ ቆሞ ማየት፣ ፈጥኖ መንደፍ፣ ትዝታው ሳይጠፋ መቀባት።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ሰው ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለወረቀት ነው። ርካሽ ቀለም በጥሩ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ውድ ቀለም ግን በመጥፎ ወረቀት ላይ ያሳፍራል። የተማሪ ደብተርና የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር ከ80 ግራም ብዙም አይርቅም፤ እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ወደ ጀርባው ይዘልቃል። ቀለል ላለ ቅብ 200 ግራም ያህል የሚመዝን ወረቀት ይበቃል፤ ውሃ ለሚያበዛ ሰው 300 ግራም ይሻለዋል። ከክብደቱ ሌላ ወረቀቱ የተሠራበት ነገር ለውጥ ያመጣል። ከጥጥ የተሠራ ውሃን ረጋ ብሎ ይቀበላል፣ ደጋግመው ቢያሹትም አይፋቅም፤ ከእንጨት የተሠራው በዋጋ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ግን ቶሎ ይይዝበትና ለማረም ያስቸግራል። ወረቀቱ ሲሠራ ጄላቲን ወይም ሌላ ማጠንከሪያ ይገባበታል፤ ያ ባይኖር ቀለሙን እንደ ሶፍት ይመጠው ነበር።

የወረቀቱ ገጽታም ሦስት ዓይነት ነው፦ ልሙጥ፣ መካከለኛና ሻካራ። ብዕር ልሙጡን ይወዳል፤ የውሃ ቀለም ደግሞ ሻከር ያለው ላይ ይደምቃል። ሁለቱን ባንድ ገጽ የሚያጋባ ሰው መካከለኛውን ቢይዝ ከሁለቱም አይጣላም። መጠኑ የግማሽ ገጽ ወረቀት ያህል ከሆነ ጉልበት ላይ ተደግፎ ለመሣልም፣ ቦርሳ ለመግባትም ይመቻል።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ያለው ግን ብዕሩ ላይ ነው። አንድ ሰዓት የተለፋበት ንድፍ ብሩሽ በነካው ቅጽበት ወደ ሐምራዊ ጭቃ ሲለወጥ ማየት የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አብዛኛው ለምንጭ ብዕር የሚሸጥ ቀለም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማቅለሚያ ስለሆነ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይለቃል። የማይለቀው ውስጡ ከሰል ወይም ሌላ የማይሟሟ ቅንጣት ያለበት ነው፤ ቅንጣቱ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ገብቶ ይቀመጣል፣ ከደረቀ በኋላም ውሃ አያነቃንቀውም። የጃፓኑ ሳኩራ ኩባንያ ፒግማ ማይክሮን የተባሉትን ቀጫጭን ብዕሮች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በዚሁ መንገድ የተሠራ ቀለም ሞልቶ ይሸጣል፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። “የቻይና ቀለም” እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው ጥቁር ቀለም ውሃን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ማድረቂያ ሙጫ ስለሚገባበት ምንጭ ብዕርን ይደፍናል። እሱ እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር እንጂ ለሌላው አይሆንም።

በየሱቁ የሚገኘው ተራ እስክሪብቶም አይናቅም። ቀለሙ ቅባትነት ያለው በመሆኑ ውሃ እምብዛም አይደፍረውም፤ ጉድለቱ ለብርሃን ሲጋለጥ መደብዘዙ ነው። የትኛውንም ብዕር ከመግዛት በፊት ወይም ከገዙ በኋላ መፈተኑ ቀላል ነው፦ በሚሣልበት በዚያው ወረቀት ላይ መስመር ማስመር፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ በእርጥብ ብሩሽ ማሸት። ፈተናው በሌላ ወረቀት ላይ ቢደረግ አያስተማምንም፤ አንዱ ወረቀት ላይ ወዲያው የሚደርቀው ሌላው ላይ ሊዘገይ ይችላል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ አንዳንድ ሠዓሊ ሆን ብሎ የሚለቅ ቀለም መምረጡ ነው። መስመሩን ከአንድ ወገን በእርጥብ ብሩሽ ሳብ ሲያደርገው የራሱ የመስመሩ ቀለም ጥላ ይሆንለታል፤ አንድ ብዕርና ጥቂት ውሃ ይዞ ሙሉ ሥዕል ይወጣዋል።

ብዕር የሚመረጠው ደግሞ ላጲስ ስለማይቀበል ነው። በእርሳስ የሚሠራ ሰው ከሚሥለው የሚደመስሰው ይበዛል። ብዕር የያዘ ግን የተሳሳተውን መስመር ትቶ ጎኑ ትክክለኛውን ያሰምራል፤ ሁለቱ መስመሮች አብረው ሲታዩ ንድፉ እንዲያውም ነፍስ ይዘራል። ይህ ልማድ እጅን ሳይሆን ዓይንን ያሠለጥናል፤ መስመሩ የማይመለስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከማስመሩ በፊት ደህና አድርጎ ያያል።

የውሃ ቀለሙ የሚያዘው በሁለት መልክ ነው፦ በትንንሽ ስኒ መሳይ መያዣ የደረቀ ወይም በቱቦ እንዳለ ለስላሳ። የደረቀውን በካሬ በካሬ ቆርጦ መሸጥ በእንግሊዝ የተስፋፋው ከሪቭስ ቤተሰብ ጋር በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ያኔ ቀለሙ ድንጋይ ሆኖ ስለሚደርቅ ከውሃ ጋር ረጅም ጊዜ መታሸት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1832 የተቋቋመው ዊንዘር ኤንድ ኒውተን ግሊሰሪን ጨምሮበት በእርጥብ ብሩሽ ነካ ሲደረግ የሚነሳ ቀለም አወጣ። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ደግሞ በ1841 የቆርቆሮ ቱቦን ፈለሰፈ። አንዳንድ አምራቾች እርጥበቱን ለመጠበቅ ማር ይጨምራሉ። ለደብተር ደረቁ ይመረጣል፤ አይፈስም፣ ቦርሳ አያበላሽም።

ባለ 48 ቀለም ሳጥን ለጀማሪ ፈተና እንጂ እርዳታ አይሆነውም። አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አልትራማሪን የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ፣ በርንት ሲዬና የተባለው የተቃጠለ አፈር ቡናማና የሎ ኦከር የሚሉት የአፈር ቢጫ ከተያዙ አብዛኛው የዕለት ትዕይንት ይሸፈናል። አረንጓዴ ከቢጫና ከሰማያዊ ይወጣል፤ ከሳጥን ከሚወጣው ይልቅም ለቅጠል ይቀርባል። ነጭ አያስፈልግም፤ የውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህም ሥራው ሁልጊዜ ከፈዛዛው ወደ ደማቁ ይሄዳል፤ አንዴ የጠቆረ ቦታ ተመልሶ አይነጣም። ብሩሹ አንድ ቢሆን ይበቃል፤ ውሃ በደንብ የሚይዝና ሲረጥብ ጫፉ እንደ መርፌ የሚሾል ክብ ብሩሽ። እጀታው ውስጥ ውሃ የሚሞላለት የፕላስቲክ ብሩሽም አለ፤ ለአውቶቡስና ለካፌ ምቹ ነው፣ ውሃውን ግን እንደልብ አያዙትም።

አሠራሩን ለማየት ከጀበና የተሻለ ሞዴል የለም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ከዚህም በላይ ቡናው ራሱ ሰዓት ይለካል፤ አቦል ሲቀዳ የተጀመረ ንድፍ በረካ ላይ ቀለሙ ደርቆ ያልቃል። መጀመሪያ ብዕሩ ከአንገቷ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ሆዷ ይወርዳል። ሆዷ ላይ ብርሃን ባረፈበት ወገን መስመሩን ጥቂት መቁረጥ ይጠቅማል፤ ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። እጀታዋና አንገቷ መካከል ያለው ክፍተት ቅርጹ ምን እንደሚመስል ማየት እጀታውን ራሱን ከማየት ይቀላል። ጀማሪ የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ሲኒው ላይ ነው፤ አፉ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ክብ አድርጎ ይሥለዋል። ከጎን የሚታይ የሲኒ አፍ ግን ጠበብ ያለ እንቁላል ነው።

መስመሩ ሲደርቅ የጀበናዋ ጥቁረት ይመጣል። ከሳጥኑ ጥቁር የሚነካ ሰው ጠፍጣፋና የሞተ ጉድጓድ ያገኛል። አልትራማሪንና በርንት ሲዬና ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ጥቁር ግን ሕይወት አለው፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። ቅቡ እርጥብ እያለ በፍሙ በኩል ባለው ጎኗ አንዲት ጠብታ ንጹህ ቡናማ ብትነካ ቀለሙ ራሱ ሰርጎ ይዋሃዳል፤ ሸክላው ሙቀት የተቀበለ ይመስላል። ሆዷ ላይ የምታበራዋ ቦታ ሳትነካ ደረቅ ትቀራለች። ነጩ ሲኒ አይቀባም፤ ጥላው ብቻ በስሱ ሰማያዊ ግራጫ ይነካል። ቀጤማው በሹል ብሩሽ በፈጣን ምት ይወጣል፤ እያንዳንዱን ሣር መቁጠር ሥዕሉን ያደርቀዋል። እንፋሎቱ ደግሞ አይሣልም፤ ከጀርባ ያለው ቅብ ሳይደርቅ በንጹህ እርጥብ ብሩሽ ቀለሙ ሲነሳ በባዶው ይታያል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያስቸግረው መጠበቅ ነው። ግማሽ የደረቀ ቅብ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ቀለሙን ወደ ዳር ይገፋውና ጠርዙ የተሸራረፈ እድፍ ይተዋል። በበጋ ደረቅ አየር ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ክረምት ላይ ግን ያው ገጽ አልደርቅ ብሎ ያስጠብቃል። ያን ጊዜ ለጽሑፍ መጠቀም ይቻላል። ሥዕል የማይዘው ብዙ ነው፦ ሽታ፣ ጨዋታ፣ የቡናው ዋጋ፣ የተነጋገሩት ነገር። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። እንግሊዛዊው ሐኪምና ሠዓሊ ኤድዋርድ ዊልሰን ከአሳሹ ከስኮት ጋር አንታርክቲካ በሄደ ጊዜ ውሃው በረዶ ስለሚሆን ውጭ መቀባት አይችልም ነበር፤ በእርሳስ ነድፎ የሰማዩን ቀለሞች በቃል እየጻፈ፣ ጎጆው ሲገባ ከማስታወሻው ይቀባል። ለእጅ እንኳ በማይመች ብርድ የሠራው ይህ ከሆነ፣ ገበያ መሃል ቀለም ለመዘርጋት ያልተመቸው ሰውም ያንኑ መንገድ መከተል ይችላል።

ደብተሩን መጀመር ብዙ ሰው አይከብደውም፤ መቀጠል ነው የሚከብደው። ዋናው እንቅፋት ደግሞ ውድ ደብተር ነው። ቆዳ የለበሰና ወረቀቱ የሚያምር ስጦታ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ይቆያል፤ ባለቤቱ የመጀመሪያውን ገጽ ማበላሸት ይፈራል። ርካሹ ግን በወሩ ይሞላል። ኒውዮርካዊው ዳኒ ግሪጎሪ መሣል የጀመረው ባለቤቱ በምድር ውስጥ ባቡር አደጋ ሽባ ከሆነች በኋላ ነበር፤ የሣለው ቤቱ ያለውን ተራ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ ሰው ደብተር እንዲያነሳ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሲያትል ይኖር የነበረው ስፔናዊ ጋዜጠኛ ጋብሪኤል ካምፓናሪዮ በየከተማው ውጭ ወጥተው የሚሥሉ ሰዎችን አሰባስቦ “የከተማ ነዳፊዎች” የተሰኘውን እንቅስቃሴ ጀመረ፤ አባላቱ ዛሬ በብዙ አገሮች አሉ። ሥርዓታቸው አጭር ነው፤ ከፎቶ ሳይሆን ቦታው ላይ ሆኖ፣ ያዩትን ሳይለውጡ መሣል።

ፎቶ ማንሳት ይህን ሁሉ አይተካም ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ቃላት ተሰጥቷቸው አንዳንዱን እንዲጽፉ፣ አንዳንዱን እንዲሥሉ ተደርጎ ነበር። የሣሏቸውን ከጻፏቸው እጅግ አብልጠው አስታወሱ፤ የሥዕሉ ማማርና አለማማርም ለውጥ አላመጣም። ስልክ ቅጽበቱን ያስቀምጥና ሰውየውን ያሰናብተዋል፤ ደብተር ግን ሃያ ደቂቃ ያስቆመዋል። ጎዳና ላይ መቆሙ የራሱ ጣጣ አለው። ሕፃናት ከበው ያያሉ፤ አላፊ አግዳሚው “እስቲ እኔን ሣለኝ” ይላል። ለጀማሪ የካፌ ጥግ፣ ጀርባ ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጥ ይመከራል። የሰው ፊት ሲሣል ፈቃድ መጠየቅ፣ ካልሆነም ከጀርባ መንደፍ ጨዋነት ነው።

የተሞላ ደብተር አያያዝ ብዙ አያስቸግርም። የውሃ ቀለም ዋና ጠላት ብርሃን ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል በዓመታት ውስጥ ይገረጣል፣ በተለይ አንዳንድ ቀዮች ቶሎ ይጠፋሉ። በተከደነ ደብተር ውስጥ ያለው ግን ብርሃን ስለማያገኘው ለረጅም ጊዜ አዲስ ይመስላል። እርጥበት ካለበት ግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ገጹ ፈጽሞ ሳይደርቅ አለመክደን ይበቃዋል። ከእያንዳንዱ ንድፍ ጎን ቦታውና ቀኑ ሲጻፍ ደግሞ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይሁን፤ ያለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚገልጠው ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲፈልግ ይቀመጣል።